የቤተሰብ ሐኪም የት ይማር?

ጥቁር ፌስታል ሙሉ መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ታካሚ ያላጋጠመው ሐኪም አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ወሎ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ ተመላላሽ ክፍል በተቀመጥኩ ቁጥር ይመጡ ነበር። ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነው። አንዷን ላውራችሁ። ስድሳ ገደማ የሚሆኑ እናት ናቸው። ጨጓራዬን አመመኝ ብለው ነው ካርድ ያወጡት። እግራቸውም አብጧል።

"እማማ፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"ኧረ ሞልቶ ልጄ!" አሉና ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

ጤና ጣቢያ ያለው ጤና መኮንን ግፊታቸውን ለክቶ ኢናላፕሪል ጀምሮላቸዋል። ደሴ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ግፊቱ አልወረደም ብሎ አምሎዲፒን ጨምሯል። አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ሌላ ሐኪም እንደገና አምሎዲፒን አዟል። ካርቶኑም የፋብሪካው ስምም ስለሚለይ እሳቸው ሌላ መድኃኒት መስሏቸው ሁለቱንም ይውጣሉ። አምሎዲፒን ሲበዛ እግር ያሳብጣል። እግራቸው ሲያብጥ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደው፣ እብጠቱን በሽንት ያስወጣል ተብሎ ፉሮሴማይድ ተሰጣቸው። ከሁሉም ሥር በላስቲክ የታሰረ ዳይክሎፌናክ አለ። ለጉልበታቸው ብለው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዙት ነው።

ዳይክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል። ጨጓራ ያቆስላል። ከኢናላፕሪልና ከፉሮሴማይድ ጋር አብሮ ሲወሰድ ኩላሊትን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን የሕክምና ተማሪ ሁሉ ለፈተና ያጠናዋል። መድኃኒቶቹን ያዘዙት ባለሙያዎችም ያውቁታል። ግን ፌስታሉ እንዲዘረገፍ ያደረገ አልነበረም። ሁሉም ያየው የመጡበትን አንድ ነገር ብቻ ነው። ያየውንም በትክክል አክሟል።

ዳይክሎፌናኩን፣ አንዱን አምሎዲፒንና ፉሮሴማይዱን አስቆምኩ። "ከወር በኋላ ይምጡ" አልኳቸው። በወሩ እኔ ድንገተኛ ክፍል ተመድቤ ነበር፤ ተመላላሹን የያዘው አዲስ የመጣ ልጅ ነው። ስለ እሳቸው የሚያውቀው ነገር ካርዱ ላይ የጫርኩለት ሁለት መስመር ብቻ ነው። እሱም ካርዱ ካልጠፋ።

የቤተሰብ ሐኪም ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚታየኝ ይህ ጠረጴዛ ነው። ብዙ ሰው የቤተሰብ ሐኪም ሲባል የሀብታም ቤት ድረስ እየሄደ የሚያክም የግል ዶክተር ይመስለዋል። እኛ አገር ያለው ትምህርት ሌላ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ከሆኑ በኋላ ሦስት ዓመት የሚሠለጥኑበት ስፔሻሊቲ ነው። ሕፃኑንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ ስኳር ያለበትን አባትም፣ ጭንቀት እንቅልፍ የነሳውን ወጣትም አንድ ሰው ያያል። የሚያይበት መንገድም ይለያል። ታካሚውን ለዛሬው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ይዞ ይከታተለዋል። ፌስታል ያዘረግፋል።

ትምህርቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አግዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2008 ወጡ። በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ኢምንት ነው። ስለዚህ "ኮታው ይስፋ" የሚል ሰው ሲመጣ እኔ አብሬው እጄን አወጣለሁ። የምከራከረው ወንበሩ፣ ማለትም የሥልጠና ቦታው፣ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኛ ማስፋፋት ብርቃችን አይደለም። ለረጅም ጊዜ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲባል አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ "ፍለዲንግ" መጣ። ይህን ስም የሕክምና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አገሪቱን በሐኪም ማጥለቅለቅ ነው ሐሳቡ። በየክልሉ አዳዲስ የሕክምና ፋኩልቲዎች ተከፈቱ። በዓመት የሚገባው ተማሪ ከጥቂት መቶዎች ተነስቶ ከ3,000 በላይ ደረሰ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ የሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ ያላቸውን የሚያሠለጥን አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት በአንዴ ተጀመረ።

እኔ የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። ራውንድ ላይ አንድ አልጋ ከበን ስንቆም የኋለኛው ሰልፍ የሚያየው የፊተኛውን ጋውን ጀርባ ነው። ሲኒየሩ የታካሚውን ሆድ ሲዳስስ እኛ ከኋላ "ምን አለ?" እየተባባልን እንጽፋለን። የጉበት ጠርዝ እጄ ላይ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ከሆንኩ በኋላ፣ ሌሊት፣ ብቻዬን ነው። እንዲህም ሆኖ ፍለዲንግን ከሚረግሙት ጋር አልቆምም። ዶክተር አይተው የማያውቁ ወረዳዎች ዶክተር አግኝተዋል። የሠራሁበት ሆስፒታል ራሱ ያለዚያ ዘመቻ ሐኪም አያገኝም ነበር።

የተረሳው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሐኪሙን ያስመርቃል፤ የሚቀጥረው ግን የክልሉና የወረዳው በጀት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተነጋግረው አያውቁም። ድሮ ሐኪም ተመርቆ ዕጣ አውጥቶ ይመደብ ነበር። ዛሬ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ሐኪሞች አሉ። ወረዳው ግን አሁንም ሐኪም የለውም። ጤና ቢሮ ብትሄዱ መልሱ አንድ ነው፤ "መደቡ አለ፣ በጀቱ የለም።" በ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር ሥራ አጥ ሐኪም ማየት ግርም ይላል። ይህን ለውጭ ሰው ስነግረው የቀለድኩበት ነው የሚመስለው።

የቤተሰብ ሕክምና ኮታ በዚሁ መንገድ ቢሰፋ ውጤቱም ያው ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ወንበሩ። ሬዚደንት ማለት እየተማረ የሚሠራ ሐኪም ነው። ያለበት ሆስፒታል የሚቆመው በእሱ ጉልበት ነው። ታላላቆቹን የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሌሊት ሄዳችሁ እዩ። የምታገኙት ሬዚደንትና ኢንተርን ነው። የሥልጠና ቦታ የት ይሁን ብለን ስንወስን ያንን ጉልበት ለማን እንስጥ ብለን መወሰናችን ነው። እስካሁን የሰጠነው በብዛት ለትልልቆቹ ሆስፒታሎች ነው። የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን የሚማር ልጅ ጊዜውን እዚያ ሲያሳልፍ የሚያየው ሪፈር ተጽፎለት የመጣውን ታካሚ ነው። ዕጢው ያደገ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ልቡ ያበጠ። ሪፈር ከመጻፉ አምስት ዓመት በፊት የነበረውን ታካሚ አያይም። የእሱ ሥራ ግን ያ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው አደረጃጀት ሲታይ ቦታው ግልጽ ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000። ከዚያ በላይ ያለው አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይጠብቀዋል። ከመቶ ሺህ ወደ ሚሊዮን የሚዘለውን ክፍተት ልብ በሉ። ያንን የሚሸከመው የመጀመሪያ ደረጃው፣ ማለትም የወረዳው ሆስፒታል ነው። እዚያ ያለው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ነው። አንድ ወይ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ሪሊዝ (የመልቀቂያ ወረቀት) አስጽፎ፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። አይፈረድበትም። እኔም ሄጃለሁ።

እዚያ የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ሞልቷል። እስከ ምሳ ሰዓት ሳል፣ ተቅማጥ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ሳይታወቅ የቆየ እርግዝና፣ "ልቤ ይመታል" የሚሉ ወጣት ሴት ታያለህ። የልባቸው ምርመራ ደህና ነው። ሲጨዋወቱ ባልየው አረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ለዚህ የሚጻፍ ሪፈር የለም። ብትጽፍም ደሴ የሚጠብቃቸው ሌላ ወረፋ ነው። አልጋ ይከራያሉ፣ በግ ይሸጣሉ፣ ኤሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳሉ፣ "ምንም የለብሽም" ተብለው ይመለሳሉ። ይህን ዓይነቱን ታካሚ እንዴት እንደምትይዝ ማንም አያስተምርህም፤ ስህተቱን የሚያርምህ ሲኒየርም አጠገብህ የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የቤተሰብ ሐኪም ከሁለት ሬዚደንት ጋር ቁጭ ቢል ምን ሊለወጥ እንደሚችል እኔ አልጠራጠርም።

"ታዲያ አስተማሪው ከየት ይምጣ?" ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቤተሰብ ሐኪም ራሱ ጥቂት ሆኖ፣ ያሉትም አዲስ አበባና ውጭ አገር ሆነው፣ ማን ወረዳ ወርዶ ያስተምራል? እዚህ ላይ የአእምሮ ሕክምናን ታሪክ እጠቅሳለሁ። በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ሬዚደንሲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር አገሪቱ ውስጥ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች አሥራ አንድ ገደማ ነበሩ። ሁሉም የተማሩት ውጭ ነው። ቶሮንቶ በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር የሚያስተምሩ ሐኪሞች መላክ ጀመረ። ቋሚ የሆነ ትልቅ የፈረንጅ መምህራን ጓድ አልመጣም። እየመጡ አስተምረው ይመለሳሉ፤ በመሃሉ ያሉት የራሳችን ሐኪሞች ይሸከሙታል። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ተከታዮቻቸውን አስተማሩ። ከአማኑኤል ሆስፒታል ውጭ የአእምሮ ሐኪም የማይታሰብበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ በክልል ከተሞች አሉ። የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲም ከዓመታት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ነው የቆመው። ትንሽ ጀምሮ ተመራቂን መምህር ማድረግ እኛ አገር ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው።

ከዚያም የቆየ ምሳሌ አለን። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት ተማሩ። ተማሪው ቆላ ድባን ወደመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች ወርዶ፣ እዚያው አድሮ፣ በቡድን ይሠራ ነበር። በኋላ የሚሠራው እንደዚህ ባለ ቦታ ስለሆነ እንደዚህ ባለ ቦታ ተማረ። ከሰባ ዓመት በፊት የነበሩት ሰዎች ይህን ለማወቅ ጥናት አላስጠኑም።

የሚቃወሙኝ ጓደኞች አሉኝ። አንደኛው ጤና መኮንን ነው። "አራት ዓመት የተማርኩት ይኸው አይደል? እኔን ማጠናከር ሲቻል ሌላ ስም ያለው ሐኪም ምን ያደርጋል?" ይለኛል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ጤና መኮንኑና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ባይኖሩ የገጠሩ ሕክምና አይኖርም ነበር። የእናቶችና የሕፃናት ሞት የቀነሰው በእነሱ እግር ነው። ግን በሽታው እየተለወጠ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው። አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም። ይህ ተከትቦ ወይ አንድ ሳምንት ታክሞ የሚያልቅ ሕመም አይደለም፤ ሃያ ዓመት አብሮ የሚኖር ነው። ሃያ ዓመት ውስጥ ስኳር ይጨመራል፣ ጉልበት ይጨመራል፣ ሐዘን ይጨመራል። ጤና መኮንኑ ሲጨንቀው የሚደውልለት፣ በሳምንት አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ የከበዱትን ታካሚዎች አብሮት የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። ወዳጄ ይህን ስለው "እሱስ ቢመጣ ጥሩ ነበር" አለኝ። ቢመጣ ላይ ጫን ብሎ ነው ያለው።

ልክ ነው፣ አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ ለማወቅ የማች፣ ማለትም የሬዚደንሲ ምደባ፣ ሰሞን ቴሌግራም ግሩፖችን ማየት ይበቃል። የሬዚደንሲ ፈተና ውጤት ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው ራዲዮሎጂ፣ ቆዳ፣ አጥንት፣ ውስጥ ደዌ ስንት ነጥብ ያስገባል ነው። ፋሚሊ ሜዲስን (የቤተሰብ ሕክምና) የሚነሳው "ነጥቤ ዝቅ ብሏል፣ ምን ልሙላ?" የሚል ልጅ ሲመጣ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የጠቅላላ ሐኪም ደመወዝ ከተማ ውስጥ የቤት ኪራይ አይችልም። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት በዚሁ ነው። ስለዚህ ስፔሻሊቲ የሚመረጠው ከሥራ ሰዓት ውጭ የግል ሆስፒታል ሄዶ ምን ያስገኛል ተብሎ ነው። የግል ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ያደረገ፣ ኤምአርአይ ያነበበ፣ ኢንዶስኮፒ የሠራ ሰው ይፈልጋል። አራት መድኃኒት ወደ ሁለት ለቀነሰ ሰው የሚከፍልበት የዋጋ ዝርዝር የለውም።

የቤተሰቡም ጥያቄ አለ። አንድ ባልደረባዬ ፋሚሊ ሜዲስን ገብቶ ለእናቱ ሲነግራቸው የሆነውን ነግሮኛል።

"ስፔሻሊስት ሆንክ ልበል?"

"አዎ እማዬ።"

"የልብ ነው የኩላሊት?"

"የቤተሰብ።"

"ማንኛው ቤተሰብ?"

እየሳቀ ነው የነገረኝ። ግን ያ ጥያቄ ከሆስፒታል ሥራ አስኪያጅም ይመጣበታል። ተመርቆ ሲሄድ ከጠቅላላ ሐኪም ጋር ተደርቦ ዱቲ (ተረኛ ሥራ) ይገባል፤ ወይም የአስተዳደር ሥራ ይሰጠዋል። ከእሱ በፊት ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው አሉ። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰሮችን አስታውሱ። ጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት አሠልጥኖ፣ ምጥ የጠናባቸውን እናቶች በወረዳ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን እንዲያዋልዱ ማድረግ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ስንት እናት ተርፋበታለች። አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ እጃቸው ወርቅ ነው። ሁልጊዜ የምሰማቸው ቅሬታ ግን አንድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ወዴት ነው የማድገው? መልስ ያጣው ሰው ሙያውን ጥሎ ይሄዳል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብሮኝ የተማረ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው ያለው። እዚያ የሬዚደንሲ ወንበር ገንዘብ በብዛት የሚመጣው ሜዲኬር ከሚባለው የመንግሥት መድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግ መንግሥት የሚከፍልበትን ወንበር ጣሪያ አበጀለት። ከዚያ ወዲህ ኮታ ይስፋ የሚለው ክርክር አልበረደም። ግን ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው የሬዚደንሲ ማች ላይ ለፋሚሊ ሜዲስን ከ5,300 በላይ ወንበር ቀርቦ 800 ገደማው በመጀመሪያው ድልድል ሰው አላገኘም። የሐኪም ያለህ የሚባልበት አገር ነው ይህ። የአገሩ ተመራቂ የትምህርት ብድሩን ቆጥሮ የተሻለ ወደሚከፍል ስፔሻሊቲ ይሄዳል። በሌላ በኩል ደግሞ የኛዎቹ አሉ። እዚህ በሐኪምነት የሠሩ፣ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የሚቀዱ፣ ሌሊት ኡበር የሚነዱ። ፈተናው፣ የፈተናው ክፍያ፣ ቪዛው፣ "ከተመረቅህ ስንት ዓመት ሆነህ" የሚለው ማጣሪያ አላሳልፍ ብሏቸዋል። ጓደኛዬ ሦስት ዓመት ሞክሮ ነው የገባው። የገባው ፋሚሊ ሜዲስን ነው። "እዚህ አገር ፋሚሊ ሜዲስንን የሚሞላው የኛ ዓይነቱ ስደተኛ ነው" ይለኛል። ባዶ ወንበርና ወንበር ያጣ ሐኪም በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይገናኙ ይኖራሉ።

እሱ ባልተማረበት አገር ለሌላ ሰው አያት የቤተሰብ ሐኪም ሆነ። እናቱ ጎጃም ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ደውሎ መድኃኒታቸውን በቪዲዮ ያስቆጥራቸዋል። ዲያስፖራ ዶክተር ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ የማደርገውን ልናገር። ብሎግ ለዚህ ነው። በየክልሉ ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ብዙ የማይርቁ ጥቂት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችን እመርጣለሁ። ሬዚደንቱ የመጀመሪያውን ዓመት በአጠቃላይ ሆስፒታል ማዋለድ፣ ሕፃናት፣ ድንገተኛና ውስጥ ደዌ ይማር። የቀሩትን ሁለት ዓመታት ወረዳ ይቀመጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያኑ ታካሚዎች ያያል። ግፊቷን የጀመረላት እናት ስትመለስ እሱኑ ታገኘዋለች። የታዘዘው መድኃኒት ሠርቷል አልሠራም የሚለውን በዓይኑ ያያል። የአሥር ደቂቃ ራውንድ ይህን አያስተምርም። ሲኒየሩ በሳምንት ሁለት ቀን ይምጣ፤ በቀረው በስልክ ይገኝ። የውጭ መምህራን መምጣት ከቻሉም ጥቁር አንበሳ ሳይሆን እዚያ ይውረዱ።

ሥራ የሌላቸውን ጠቅላላ ሐኪሞች ቅድሚያ እሰጣቸዋለሁ። ሬዚደንት ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ሆስፒታሉም የሚሠራለት ሐኪም ያገኛል። ግን ወንበሩን ስሰጠው የወደፊቱን መደብም በደብዳቤ አብሬ እሰጠዋለሁ። የሥራ መደቡ ስም፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ የሚመደብበት ሆስፒታል። ያ ደብዳቤ ከሌለ ኮታውን አላሰፋም። ቁጥሩ በግማሽ ይቀንስ። ጥቂት ሠልጥነው ሁሉም ቢቀሩ፣ ብዙ ሠልጥነው አዲስ አበባ ከሚሰበሰቡ ይሻለኛል።

ገንዘቡስ? ለዚህ የማስበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ። ገበሬው በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ መድኑ ደግሞ ለጤና ተቋሙ ለሰጠው አገልግሎት ይከፍላል። እያንዳንዱ አላስፈላጊ ሪፈር፣ እያንዳንዱ የተደገመ ምርመራ ከዚያ ካዝና ይወጣል። እንግዲህ አራቱን መድኃኒት ወደ ሁለት የሚቀንሰው ሐኪም ጥቅሙ በብር የሚታየው እዚህ ነው። መድኑ ከሚያተርፈው ላይ ትንሽ ለዚያ ሐኪም ወረዳ መቆያ ቢያደርግ አይከስርም። የግል ሆስፒታል የማይከፍልበትን ሥራ የሚገዛ አካል ካለ መድኑ ነው።

ደመወዝ ብቻም አይደለም። የወረዳ ሐኪም ለምን ይሄዳል ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም ይገርመኛል። እኔ የኖርኩበትን ክፍል ላሳያቸው። ከከተማው አስፋልት ዳር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ የጋራ ሽንት ቤት ያለው አንድ ክፍል ነው። ውኃ በሳምንት አንዴ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ መነሳት ነው፤ ዱቲ ላይ ካለህ አለፈህ። ሚስቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት። እዚያ ወረዳ ለእሷ ሥራ አልነበረም። ሆስፒታሉ ጊቢ ውስጥ ሦስት ንጹሕ ቤቶች ቢሠሩ እኔ ቢያንስ ሁለት ዓመት እጨምር ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ከተመረቀች ቆይታለች፤ ቋሚ ሥራ የላትም። ክሊኒክ በሰዓት እየሠራች ለፈተናው አጥንታለች። "ዶክ፣ ፋሚሊ ሜዲስን ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ።

ምን እንደምትወድ ጠየቅኳት። ታካሚ ማውራት እንደምትወድ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል እንደሚሰለቻት ነገረችኝ። ሙያው ለአንቺ የተሠራ ነው አልኳት። ቀጥዬ ግን፣ ስፖንሰርሽ ማን እንደሆነ፣ ስትጨርሺ የሚጠብቅሽ መደብ በምን ስም እንደተመዘገበ፣ ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነ በወረቀት ካላየሽ አትፈርሚ አልኳት። ጤና ቢሮ ሄዳ ጠየቀች። ሦስት ቢሮ አዟሯት። የመጨረሻው ሰውዬ ትሑት ነበር። "እህቴ፣ መደቡ ገና እየተጠና ነው" አላት።

ፋሚሊ ሜዲስንን ሁለተኛ ምርጫዋ አድርጋ ሞላችው። የመጀመሪያው ውስጥ ደዌ ነው።